ኤንትሬና የመካኒኩ ጆሮ
እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው ፊያት 682፣ በተለይ ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት ሞዴሉ፣ በኢትዮጵያ ጎዳናዎች ለአሥርተ ዓመታት ጭነት አመላልሷል። ያረጀ ሞተሩ ሲንተፋተፍ ጥፋቱን የሚፈልገው የመካኒኩ ጆሮ ነበር። ይህን ሙያ ተራ ግምት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ሥርዓት ያለው ማጣራት ነውና። ሞተሩ እየሠራ፣ ናፍጣ ወደ ኖዝሎቹ የሚያደርሱት ቱቦዎች ዳዶ በየተራ ይላላል፤ ድምፁ ከተቀየረ ያ ሲሊንደር ይሠራል፣ ካልተቀየረ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ የኖዝል፣ የፖምፓ ወይም የኮምፕሬሽን ችግር መሆኑ ይለያል።

«ዛሬ ኮምፒውተር አለ» የሚል ይኖራል። ኮምፒውተር የሚያነበው ግን ሴንሰር ያለውን ሞተር ነው፤ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ አሮጌ መኪና የሚሰጠው ኮድ የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ አሮጌ የጭነት መኪና የገዛ ሰው ዕቃ ከማስቀየሩ በፊት ይህን ፍተሻ ያስደርግ።