ከሕግ የሚወለድ ሥዕል

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ ሰው ወናጎን የሚያውቃት በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው፡፡ በካርታም ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መስመር ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ናት፡፡ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በእንሰቱና በቡናው መሀል የገባ ግን ሌላ ካርታ ያገኛል፡፡ ከየጓሮው የሚነሳው ቀጭን የእግር መንገድ ከጎረቤቱ መንገድ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱ ሰፋ ብለው ወደ ቡና መፈልፈያው ወይም ወደ ገበያው ያመራሉ፡፡ የቡና ቅጠል ገልብጦ ጅማቱን ያየ ሰው መመሳሰሉን አይስተውም፡፡

እንዲህ ያሉ የመጓጓዣና የተፈጥሮ መረቦችን መነሻው የሚያደርግ የሥዕል ዘርፍ አለ፡፡ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ጄኔሬቲቭ አርት» ይባላል፤ እኛ ከሕግ የሚወለድ ሥዕል ልንለው እንችላለን፡፡ ሠዓሊው ሕግ ያወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ያንኑ ሕግ ብዙ ሺሕ ጊዜ ይፈጽማል፤ ሥዕሉም ከዚያ ይወጣል፡፡ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኔስ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የሠራቸውን ሥዕሎች በሽቱትጋርት ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር፡፡

ዘርፉን ከመረብ ጋር በይበልጥ ያስተሳሰረው ፊዛረም የተባለ፣ በበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ሻጋታ የሚመስል ቢጫ ፍጡር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ 36 ከተሞች አቀማመጥ ልክ የአጃ ቅንጣቶችን ደርድረው ፍጡሩን በመሀል ለቀቁት፡፡ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ከአካባቢው የባቡር መስመር ጋር የሚወዳደር መረብ ዘረጋ፡፡ አንዱ ክር ቢቆረጥ በሌላው ለማለፍ የሚያስችለው ተለዋጭ መንገድም ነበረው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአንጻሩ ሁለቱ መስመሮቹ መሀል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፡፡

በዚያው በ2010 ጄፍ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ የፍጡሩን ጠባይ ለኮምፒዩተር አስተማረው፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ሠዓሊያን ተጠቅመውበታል፡፡ ሕጉ አጭር ነው፡፡ እያንዳንዷ ቅንጣት ስትሄድ አሻራ ትተዋለች፤ ከፊቷ፣ ከግራዋና ከቀኟ አሻራው ወደ በዛበት ትታጠፋለች፤ ያልተደገመ አሻራ ቀስ በቀስ ይጠፋል፡፡ የወናጎ የእግር መንገድስ ከዚህ በምን ይለያል? የተረገጠው ይሰፋል፤ የተተወውን ሣር ይበላዋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም የከተማ ካርታንና የሕንፃ ንድፍን እየደራረበች ትሥላለች፡፡ የእሷ መስመሮች ግን በየጊዜው ከራሷ ውሳኔ የሚመጡ በመሆናቸው ከዚህኛው ዘርፍ ጋር ሊምታቱ አይገባም፡፡

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የሣለው ሥዕል የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው፡፡ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ደግሞ አይጠብቅም፡፡ ስለዚህ «አሻራ ወደ በዛበት ታጠፍ» የሚለው ሕግ በራሱ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም፡፡ በእኔ አስተያየት የሠዓሊው የፈጠራ ድርሻ በይበልጥ የሚታየው በምርጫው ላይ ነው፤ ይኸውም አጃውን የት እንዳኖረ ነው፡፡

ምርጫው ቀላል አይደለም፡፡ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ብቻ ነጥብ ያደረገ ሰው ያንኑ አስፋልት መልሶ ይሥላል፡፡ በየጓሮው፣ በየመፈልፈያው፣ በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ሥፍራ ነጥብ ያኖረ ግን የቅጠሉን ጅማት ያገኛል፡፡ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ይህንኑ ነው፤ ጥላ ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ የተከበረው ደንና ትክል ድንጋዩ አንድ ላይ የቆሙበትን ምድር፡፡

ነገሩ ከሥዕል ያልፋል፡፡ ዛሬ መንገድና የትራንስፖርት መስመር የሚያቅዱ ባለሙያዎችም በኮምፒዩተር ይታገዛሉ፡፡ «ያወጣው ማሽኑ ነው» የሚል መልስ ግን ሠዓሊውንም ሆነ ባለሙያውን ከኃላፊነት አያድንም፡፡ ነጥብ ያልተቀመጠለት መንደር መስመር አይደርሰውም፤ ነጥቡን የሚያስቀምጠው ደግሞ ሰው ነው፡፡