ጠፊው ብርሃን የታየበት ታሪክ

በ1963 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ኃያላን መንግሥታት የአቶም ቦምብ በአየር፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ እንዳይሞከር በሞስኮ ከተዋዋሉ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት ውሉ መከበሩን ይጠብቁ ዘንድ ቬላ የተባሉትን ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ወደ ሰማይ ሰደደ። ውል አፍራሽ እንዲፈልጉ የተላኩትም መሣሪያዎች ጁላይ 2 ቀን 1967 ከጠፈር የመጣ፣ ቦምብ ያልሆነ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዘገቡ። መዝገቡን የሎስ አላሞስ ሊቃውንት ያነበቡት በ1969 ሲሆን፣ ለዓለም የገለጹት ግን በ1973 ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ክርክር ሆነ። ጨረሩ በጥቂት ሰኮንድ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ፣ አንዳንዶቹ ከፍኖተ ሐሊብ ነው ሲሉ ሌሎቹ ከዓለማት ዳርቻ ነው ይሉ ነበር። ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ ኃይሉ አይታወቅም፤ በጨለማ የሚታይ እሳት በቅርብ ያለ ኩራዝ ይሁን በሩቅ ተራራ የሚነድ ጎጆ እንደማይለይ ማለት ነው።

ክርክሩን የለወጠው በ1996 የወጣው የኢጣልያና የሆላንድ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ቤፖሳክስ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ይዞር ስለ ነበር፣ ያየውን ሁሉ በየዙሩ የሚያወርደው በኬንያ ጠረፍ በማሊንዲ በቆመው ጣቢያ ላይ ነበር፤ ወሬውም ከዚያ ወደ ሮማ ይተላለፋል። (ማሊንዲ በትምህርት ቤት የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቫስኮ ደ ጋማ ሲነገር ነውና፣ ይህንንም ማከል ደግ ነው።) ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ፍንዳታ በታየ በስምንት ሰዓት መሣሪያው ወደ ስፍራው ዞሮ በራጅ ጨረር ቢመለከት፣ ፍሙ እንዳልጠፋ ምድጃ ሆኖ አገኘው። በዚያው ዕለት ማታ በላ ፓልማ ደሴት በቴሌስኮፕ የተነሣችው ነጥብ፣ ከስምንት ቀን በኋላ እንደገና ስትታይ እጅግ ደክማ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በታየው ሌላ ፍንዳታ፣ ብርሃኑ በቢሊዮን የሚቈጠር ዓመት እንደ ተጓዘ ተለካ።

የዚህ ብርሃን ጠባይ አያዘገይም፤ ጊዜው አሥር እጥፍ ሲረዝም ድምቀቱ በግምት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ኤፕሪል 23 ቀን 2009 ስዊፍት የተባለው ሰው ሠራሽ ጨረቃ አሥር ሰኮንድ ያህል የቈየ ፍንዳታ ባስታወቀ ጊዜ ሊቃውንቱ ተጣደፉ። በስዊፍት ላይ ያለው የብርሃን መመልከቻ ምንም አላየም። በሐዋይ በማውና ኬያ ተራራ ላይ የነበረው የብሪታንያ ቴሌስኮፕ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በታሕተ ቀይ፣ ማለት ከቀይ በታች ባለው ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ቅሪቱን አገኘው። ምክንያቱም የጠፈር መስፋት የብርሃኑን ሞገድ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ስለ ለጠጠውና፣ አጭር ሞገድ የነበረውን ክፍል በመንገድ ያለው ሃይድሮጂን ስለ ዋጠው ነው። ያው መስፋት ጊዜንም ይለጥጣል፤ እኛ ዘንድ አሥር ሰኮንድ የሆነው በዚያ ከአንድ ሰኮንድ እምብዛም አልበለጠም፣ የቅሪቱም መክሰም ለሊቃውንቱ በዚያው መጠን ዘገየላቸው።

አንድ ቀን ሳይሞላ በቺሌ በፓራናል ተራራ ላይ ብርሃኑ ተበትኖ ሲመረመር፣ ኮከቡ የሞተው የዓለም ዕድሜ ገና 630 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሳለ መሆኑ ተረጋገጠ። ቅሪቱ ከከሰመ በኋላ ስፍራው በሐብል ቴሌስኮፕ ተፈልጎ፣ ኮከቡ የነበረበት ጋላክሲ እንኳ ሊታይ አልቻለም።