ውሃ የበላው ፎቶግራፍ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም ማለቂያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፡፡ ከዚያ ሐዘን ጎን የፎቶግራፍ ነገር ሊነሳ አይገባም የሚል አይጠፋም፡፡ ነገር ግን ውሃው እንደጎደለ አክስቴ ከጭቃ ካወጣችው ንብረት ሁሉ አስቀድማ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው አልበሟን ነበር፡፡ ባለቤቷ ምድር ባቡር ሲሠራ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው አንድ ፎቶግራፍ ነበረው፡፡ ውሃው ፊቱን ልጦ ወስዶ ኮቱን፣ ወንበሩንና አንድ እጁን ብቻ አስቀርቶላታል፡፡ ኔጋቲቩ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ወዳነሳው ፎቶ ቤት ሄድኩ፡፡ ስሙን የማልጠቅሰው ባለቤት “ዲጂታል ስናስገባ አሮጌውን ሁሉ ጥለነዋል” ብሎ ሸኘኝ፡፡

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ ቢሮዬ የመጣ አንድ ወጣት የሥነ ጥበብ ምሩቅ ነው፡፡ ከተዘጋ ፎቶ ቤት የገዛው አንድ ካርቶን ኔጋቲቭ አለው፡፡ ሐሳቡ ኔጋቲቮቹን በክረምት ከደቻቱ በተቀዳ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ከውሃው የተረፈውን ምስል አሳትሞ ለሕዝብ ማሳየት ነው፡፡ “ጋሼ፣ ሕጉ ይከለክለኛል?” አለኝ፡፡ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፡፡ ሰው ያጣውን ምስል ሌላው አውቆ ውሃ ውስጥ ይከታል? ሆኖም ሳልመልስለት በፊት ነገሩን መመርመር ነበረብኝ፡፡

ፊልም ማለት በላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ የጄላቲን ሽፋን ነው፡፡ በሽፋኑ ውስጥ ብርሃን የሚሰማው የብር ጨው አለ፡፡ ብርሃን ያረፈበት ቅንጣት በማጠቢያው ኬሚካል ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣል፤ ያላረፈበት በሌላ ኬሚካል ይወገዳል፤ በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፡፡ ተራው ፎቶ አንሺ በዚህ ሂደት ስህተት እንዳይገባ ይታገላል፡፡ የሙከራ ፎቶግራፍ የሚባለውን የሚሠራው ደግሞ ስህተቱን ጠርቶ ያስገባል፤ ጊዜው ባለፈበት ፊልም ያነሳል፣ ኔጋቲቩን ይፍቃል፣ ያሞቃል፣ ይዘፈዝፋል፡፡ ኮንሴፕችዋል አርት በሚባለው ፈሊጥ ዋናው ሥራ ሐሳቡ ነው፤ ምስሉ ለሐሳቡ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፡፡

በዚህ መስክ ሀንጋሪዎች ስማቸው ቀድሞ ይነሳል፡፡ ላዝሎ ሞሆይ-ናጊ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ዕቃዎችን በቀጥታ በፎቶ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ብርሃን በመልቀቅ ያለ ካሜራ ምስል ይሠራ ነበር፤ በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤትም አስተምሯል፡፡ ዶራ ማውረር ደግሞ በ1970ዎቹ ቀላል እንቅስቃሴዎችን በተከታታይ ፎቶ እያነሳች ቅደም ተከተላቸውን በመለዋወጥ፣ ከፎቶ የምናነበው ታሪክ በአደራደሩ እንደሚቀየር አሳይታለች፡፡

ወደ እኛው አካባቢ ስንመለስ ነገሩ ባዕድ አይደለም፡፡ ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ሲልክ ምስሎቹ መንጣታቸውን ጽፎ፣ ያጠበበትን ውሃ መጥፎነት በምክንያትነት ጠቅሷል፡፡ እሱ ያፈረበትን ጉድለት ዛሬ አንድ አርቲስት ሆን ብሎ ይሠራዋል ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ደርሶ የተቆረቆረችው ድሬዳዋም ለፊልም አትመችም፡፡ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠበው በ20 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው፤ የእኛ ከተማ ቀን ከ30 በላይ ትሞቃለች፡፡ ማጠቢያው ሲሞቅ ፊልሙ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጄላቲኑም ይላላል፡፡ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃችን ደግሞ ኔጋቲቭ ላይ ነጭ ነጥብ ጥሎ ይደርቃል፡፡ ጉርድ ፎቶ የሚያነሱልን ሰዎች በዚህ ሁሉ መካከል ጥርት ያለ ምስል ማውጣታቸው ራሱ ጥበብ ነበር፡፡

በአዲስ አበባም ይህን መንገድ የሚያስታውሱ ሥራዎች አሉ፡፡ ከሠዓሊነት ወደ ፎቶግራፍ የገባው ሚካኤል ፀጋዬ በመቃብሮች ላይ የተለጠፉና ፀሐይና ዝናብ ያበላሻቸውን የሟቾች ፎቶዎች አንስቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ የወጣው “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” ደግሞ በየቤቱ አልበም የነበሩ ፎቶዎችን ከነታሪካቸው ሰብስቧል፡፡ አንደኛው መበላሸቱን ያሳያል፣ ሌላው ከመበላሸት ያድናል፡፡ እኔ የማምነው ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ነው፤ ግን ማዳኑ መቅደም አለበት፡፡

ሕጉን በተመለከተ ለወጣቱ ሦስት ነገሮችን ለይቼ አስረዳሁት፡፡ አንደኛ፣ ኔጋቲቩ እንደ ዕቃ የገዛው ሰው ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የቅጅ መብት አለ፡፡ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ሲጠብቅ፣ ለፎቶግራፍ የሰጠው ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ በ1970ዎቹ ዓ.ም የተነሱት ፎቶዎች የአንሺው የኢኮኖሚ መብት ጊዜው አልፎበታል፡፡ ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት የተነሺው መብት ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፡፡ ቀጣዩ አንቀጽ በሕዝብ ዘንድ የታወቀን ሰው፣ በአደባባይ የተፈጸመን ጉዳይ፣ የሳይንስና የባህል ጥቅምን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፡፡ ለመታወቂያ ብሎ ፎቶ ቤት የገባ የባቡር ሠራተኛ ግን የታወቀ ሰው አይደለም፡፡ “ለባህል ነው” የሚለው መከራከሪያም በፍርድ ቤት ያዋጣል ብዬ ደንበኛዬን አላስተማምንም፡፡

ምክሬ አጭር ነበር፡፡ ኔጋቲቮቹን መጀመሪያ ስካን አድርግ፡፡ የምታውቃቸውን ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸውን ፈልገህ አስፈቅድ፡፡ የምትዘፈዝፈው ግልባጩን እንጂ ዋናውን አይሁን፡፡ እሱም “ዋናው ካልጠፋ ሥራው ውሸት ይሆናል” ሲል ተከራከረኝ፡፡ ክርክሩ ሚዛን አለው፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም፡፡ የሚጠፋው የእሱ ንብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፡፡ የሌላ ሰው አባት፣ የሌላ ሰው ሙሽራ ናት የምትጠፋው፡፡

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለአክስቴ አጫወትኳት፡፡ ፊት አልባውን ፎቶ ዛሬም ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፡፡ ትቆጣለች ብዬ ነበር፡፡ “የእኔንም ይውሰድና ያሳይ” አለችኝ፤ “ግን ከሥሩ ስሙን ይጻፍበት፡፡”

ከሕጉ ይልቅ ይህ አነጋገሯ ወጣቱን የረታው ይመስለኛል፡፡ አሁን ከዘፈዘፈው በፊት ስም እየፈለገ ነው፤ ካርቶኑን ይዞ ከዚራንና መጋላን እየዞረ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል፡፡ እርስዎም ቤትዎ የቆየ ፎቶ ወይም ኔጋቲቭ ካለ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፣ ግልባጭ ያስነሱለት፣ የተነሺውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በፖስታው ላይ ይጻፉበት፡፡ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ የሚሠራ ሥራ ነው፡፡