ልጅ በምን ይጀምር? የጥንት ሙስሊም አገሮች የሕፃናት ትምህርት

 

በብዙ ቤት ልጅ ለትምህርት ሲደርስ አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወላጅ «መጀመሪያ ቁርአኑን ያኽትም» ይላል። ሌላው «እስከዚያ እኩዮቹ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ቋንቋውንም ሒሳቡንም አብሮ ይማር» ይላል። ነገሩ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያመጣብን ጣጣ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመታሰቡ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሙስሊሞች በዚሁ ጉዳይ ተለያይተው፣ ልጆቻቸውን በየአገሩ በተለያየ መንገድ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ይህን በዝርዝር ጽፈው ያቆዩልን ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ኸልዱን ናቸው። የተወለዱት በ732 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1332) ቱኒስ ውስጥ ነው። ቤተሰባቸው ቀድሞ የአንደሉስ፣ የኢሽቢሊያ ከተማ ኗሪ ነበር፤ ከተማይቱ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ከመውደቋ በፊት ባሕር ተሻግሮ ሰሜን አፍሪካ ገባ። እሳቸው ፋስ ኖረዋል፣ ገርናጣን አይተዋል፣ በኋላም ካይሮ ውስጥ የማሊኪያ ቃዲ ሆነው በ808 ሒጅራ (1406) እዚያው አርፈዋል። «ሙቀዲማ» የተሰኘውን ኪታባቸውን በ779 ሒጅራ (1377) ሲጽፉ ግን ገና ምሥራቁን አላዩም ነበር። ስለዚህ የምሥራቁን ነገር የጻፉት በወሬ የደረሳቸው መሆኑን ሳይደብቁ ነው። ይህ ጥንቃቄያቸው ያስከብራቸዋል።

በመግሪብ ልጅ ከቁርአን ሌላ ምንም አይቀራም ነበር። ከዚያው ጋር የሚማረው የአጻጻፉን ሥርዓትና ቃሪኦች የተለያዩበትን ብቻ ነው። ሐዲስ የለም፣ ፊቅህ የለም፣ ግጥም የለም። ወይ ቁርአኑን ጠንቅቆ ይወጣል፣ ወይ መሐል ላይ ያቆማል። መሐል ላይ ያቆመ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከዒልም ጋር በዚያው ተለያየ ማለት ነው። ባሕሩን ተሻግሮ አንደሉስ ያለው ልጅ ደግሞ ቁርአኑን መሠረት አድርጎ ግጥም ያጠናል፣ ደብዳቤ አጻጻፍ ይለማመዳል፣ የዐረብኛ ሰዋስው ይማራል፤ ከሁሉም በላይ የእጅ ጽሑፉ እንዲያምር ይደከምበታል። በኢፍሪቂያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቱኒዚያና አካባቢዋ፣ ከቁርአኑ ጋር ሐዲስና የሌሎች ዕውቀቶች መግቢያ ይሰጥ ነበር። ምክንያቱም ከአንደሉስ የተሰደዱ መሻይኾች ቱኒስ ሰፍረው ልጆቹን ስላስተማሩ ነው። ኢብኑ ኸልዱንን ራሳቸውን ቁርአን ያስቀሯቸው ኡስታዝ ከነዚያ ስደተኞች ወገን ነበሩ። በምሥራቅም ትምህርቱ ድብልቅ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ግን እንደ አንድ ሙያ ተቆጥሮ የራሱ አስተማሪ ነበረው። በቁርአን ቤት የልጆቹ ሉህ ላይ የሚጻፈው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ያማረ ጽሕፈት የፈለገ ወደ ባለሙያው ይሄዳል።

የኛን አገር ኢብኑ ኸልዱን በዚህ ምዕራፍ አላነሱትም። በሳቸው ሚዛን ብናየው ግን የወሎ ቁርአን ቤት ለመግሪቡ የቀረበ ይመስለኛል። ልጁ ሉሁን ይዞ ቁርአኑን ካኸተመ በኋላ ነው ወደ ኪታብ የሚሻገረው፤ ፊቅህና ነሕው ለመቅራትም ደረሳ ሆኖ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል።

ኢብኑ ኸልዱን የየአገሩን ውጤትም አልሸሸጉም። የመግሪብ ልጆች በቁርአን አጻጻፍና ሒፍዝ ከሌሎች ይልቃሉ፤ በዐረብኛ ግን ምላሳቸው ይታሰራል። የአንደሉስ ልጆች በቋንቋው የተካኑ ሲሆኑ በሌሎች ዕውቀቶች ያንሳሉ፤ የዕውቀት መሠረት ከሆኑት ከቁርአንና ከሐዲስ ጥናት ርቀዋልና። የሳቸው ፍርድ ለማንም አያዳላም።

ከሳቸው ሁለት መቶ ዓመት በፊት የኢሽቢሊያው ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ (468–543 ሒጅራ) ሌላ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እኚህ በስም ከሚመሳሰሏቸው ከሱፊው ሙሕየዲን ጋር እንዳይምታቱባችሁ። ቃዲው በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ ምሥራቅ ተጉዘው በግዳድ ውስጥ ከኢማም አል-ገዛሊ ቀርተዋል። የሳቸው አቋም ልጅ በዐረብኛና በግጥም ይጀምር፣ ቀጥሎ ሒሳብ ይማር፣ ከዚያ ቁርአን ይቅራ፤ ያኔ የሚቀራው ይገባዋል የሚል ነው። ሕፃን የማይገባውን እንዲያነብ ማድረግን ይነቅፉ ነበር።

ኢብኑ ኸልዱን ይህን ሐሳብ አልጣሉትም፤ እንዲያውም ጥሩ መንገድ ነው ብለውታል። ነገር ግን ልማዱ አይፈቅድም ይላሉ። ልጅ በወላጆቹ እጅ ሳለ ይታዘዛል። ጉርምስና ከመጣ በኋላ ግን ወዴት እንደሚወስደው አይታወቅም፤ ምናልባት ትምህርቱን ትቶ ቁርአኑም አምልጦት ይቀራል። ወላጆች ያቺን የመታዘዝ ዘመን የሚሻሟት ለዚህ ነው። ልጁ ትምህርቱን እንደሚቀጥል እርግጠኛ መሆን ቢቻል ኖሮ የቃዲው መንገድ ከሁሉም በተሻለ ነበር ሲሉ ይደመድማሉ። እኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሁለቱ ዓሊሞች በቁርአን ደረጃ አልተለያዩም፤ ልዩነታቸው ልጁ በትምህርቱ ይቆያል ወይስ አይቆይም በሚለው ነው። በየቤታችን የሚከራከሩት ወላጆችም ይህን አውጥተው ቢነጋገሩ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ይቀንሳል።

አራቱም አገሮች ቢለያዩም አለንጋው የሁሉም ነበር። ኢብኑ ኸልዱን ለዚህ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። በጭካኔ የተማረ ልጅ ይጨፈገጋል፣ ይሰንፋል፤ ዱላውን ፈርቶ ውሸትና ማስመሰል ይለምዳል፣ ውሎ አድሮም ጠባዩ ይሆናል ይላሉ። ለአስተማሪዎች ሥርዓት ከጻፉት ቀደምት ዓሊሞች ጠቅሰውም፣ መምታት የግድ ከሆነ ከሦስት እንዳይበልጥ ያስታውሳሉ።

በዚሁ ምዕራፍ ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ለልጃቸው ለአል-አሚን አስተማሪ የሰጡትን ትእዛዝ አስፍረዋል። ቁርአን አስቀራው፣ ታሪክ አሳውቀው፣ ግጥም አስጠናው፣ ሱንና አስተምረው፤ ያለ ጊዜው እንዳይስቅ ከልክለው፤ ሽማግሌዎች ሲመጡ እንዲያከብር አድርገው ይላል። አንዲት ሰዓት ያለ ጥቅም አትለፍበት፤ ሆኖም አእምሮው እስኪሞት አታሳዝነው፤ ሥራ መፍታት እስኪጥመውም አትልቀቀው። በተቻለህ መጠን በቅርበትና በልስላሴ አቅናው፤ እምቢ ካለ ብቻ ጠንከር በልበት።