በስህተትም የሚገጥመው ጠመንጃ

እስቲ የስልካችሁን ሲም ካርድ አውጥታችሁ እዩት። አንዱ ጥጉ ተቆርጧል አይደል? ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ገልብጣችሁ ልታስገቡት ስትሞክሩ እምቢ እንዲላችሁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ወታደሮች የያዙት ጠመንጃ ግን እንዲህ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር።

ጠመንጃው ሮስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፈጣሪው ከስኮትላንዳዊው ሰር ቻርልስ ሮስ ነው። የሚሠራውም ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ ከተማ ነበር። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ጦሯን ወደ አውሮፓ ስትልክ ያስታጠቀችው ይህንኑ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ተቃጥሎ የሚፈጥረው ጋዝ እርሳሱን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። የኋላውን ግፊት ችሎ የሚይዘው ማቀባበያው ነው። በብዙዎቹ የዘመኑ ጠመንጃዎች ወታደሩ የማቀባበያውን እጀታ ገፍቶ ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ስለዚህ መቆለፉን እጁ ያውቀዋል። ሮስ ግን ለፍጥነት ሲባል ቀጥ ብሎ መሳብና መግፋት ብቻ ይበቃዋል። ማቀባበያው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ውጪኛው ወደ ፊት ሲገፋ፣ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘው መስመር ውስጠኛውን ያዞረዋል፤ ያኔ ይቆለፋል።

ጣጣው የሚመጣው ከጽዳት በኋላ ነው። ወታደሩ ማቀባበያውን አውጥቶ፣ ፈታትቶ፣ ጠርጎና ዘይት ቀብቶ መልሶ ሲገጥም፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በወጣው ሞዴል ላይ ውስጠኛውን ክፍል በተሳሳተ አቅጣጫ አዙሮ ማስገባት ይችል ነበር። ጠመንጃውም ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ሲገፉት የተዘጋ ይመስላል፤ ምላጩ ሲሳብም ይተኩሳል። ግን አልተቆለፈም! ብረቱ ተስፈንጥሮ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ አልደረሰም። ግንባር ላይ ወታደሩን ይበልጥ ያማረረው የማቀባበያው መጣበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በተደረገው ውጊያ፣ አልከፈት ያለውን ማቀባበያ በጫማቸው እየረገጡ የሚከፍቱ ነበሩ። ብዙዎችም ሮስን ጥለው የሞቱ እንግሊዛውያንን ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ አነሱ። የካናዳው ሚኒስትር ሳም ሂዩዝ አጥብቀው ቢከላከሉለትም፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ከእግረኛው ጦር እጅ ወጣ። አነጣጥረው የሚተኩሱት ግን ዒላማ ስለማይስት ወደውት ይዘውት ቀጠሉ።

ታዲያ በተሳሳተው አገጣጠም የተጎዳው ሰው ጥፋቱ የማን ነው? "በደንብ ያልሠለጠነው ወታደር" ማለት ይቀላል። ግን አስቡት፦ ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ጣት ደንዝዟል፣ ጠላት ቅርብ ነው። በዚህ ሁኔታ ማን አይሳሳትም?

መፍትሔው በጣም ትንሽ ነበር፤ አንዲት ሪቬት። ማቀባበያው ላይ ስትመታ ውስጠኛው ክፍል በተሳሳተው አቅጣጫ አልገባም አለ። ወታደሩ ያው ሰው ነው፣ ጭቃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ብረቱ ነው። ነገ መሐንዲስ የምትሆኑ ካላችሁ፣ የሠራችሁትን ዕቃ ደክሞት በጨለማ የሚገጥመውን ሰው አስቡት።