እጀታው ይመስክር

አሮጌ የሐኪም መሣሪያ ሳጥን እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ስለቱ ላይ የተቀረጸውን የሠሪውን ስም ነው። ስሙ ከተገኘ ዘመኑም የተገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን የታወቁት መሣሪያ ሠሪ ቤቶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአንድ የቤተሰብ ስም ሠርተዋል፤ በ1826 የተቋቋመው የኒውዮርኩ ቲማን ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊትም በኋላም ቲማን ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳጥን ከስም ይልቅ የሚታመነው ምስክር እጀታው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን የወሰነው ፍል ውኃ ነው። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ጥሩ የሚባል የቀዶ ሕክምና ቢላ እጀታው ከዞጲ ወይም ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። ደም የነካው እጅ እንዳያዳልጠው ዞጲው ላይ ቀጫጭን መስመሮች መረብ ሠርተው ይቀረጻሉ። መያዣ እንዲሆን የተፈለፈለው ያ መስመር ደምና መግል አምቆ ያስቀር ነበር፤ መሣሪያው በጨርቅ ተወልውሎ ከፈይ ወደለበሰው ጎድጓዳ ሥፍራው ይመለሳል፣ ከፈዩን ደግሞ የሚያጥበው የለም። ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የማከም ዘዴውን ላንሴት በተባለው መጽሔት ሲያወጣ እጀታው ገና አልተነካም፤ ዞጲ አሲድ ውስጥ መነከርን ይችላል። ያልቻለው ሙቀትን ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ኤርንስት ፎን በርግማንና ረዳቱ ኩርት ሺመልቡሽ በእንፋሎትና በፍል ውኃ ማምከንን አስለመዱ። እንጨት ሲቀቀል ያብጣል፣ የዝሆን ጥርስ ይሰነጠቃል፣ ሙጫ ይለቃል። ስለዚህ ስለትና እጀታ ወጥ ብረት ሆኑ፣ ኒኬል ተለበጡ፣ ሳጥኑም ከፈዩን ጣለ።

እንግዲያው ዞጲ እጀታ ያለው ሁሉ ከ1890 በፊት የተሠራ ነው? የሚል ይኖራል። አይደለም። ሐኪሞች የለመዱትን መሣሪያ በአንድ ጀምበር አልጣሉም፤ ከዚያም በላይ ለሕክምና ተማሪዎች የሚሸጡ የአስከሬን መማሪያ ሳጥኖች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት እጀታቸውን አልለቀቁም፤ አስከሬን ቁስሉ አመርቅዞ አይሞትምና። ስለዚህ የወጥ ብረትና የዞጲ ምስክርነት እኩል አይመዘንም። ከዳር እስከ ዳር ወጥ ብረት የሆነ ሳጥን ከማምከን ዘመን ወዲህ መሆኑን በድፍረት ይናገራል። ዞጲ ግን ቃሉ የሚሰማው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፦ የአጥንት መጋዝና ደም ማገጃ ማሰሪያ አብረውት ካሉ ሳጥኑ ለሕያው ሰው ነው፤ በሰንሰለት የተያያዙ ትናንሽ መንጠቆዎች ካሉበት ለአስከሬን።

ይኸው መለኪያ የመዋቢያውን ስብስብ ከሕክምናው ይለያል። ቀድሞ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ። ለንደን ውስጥ ፀጉር አስተካካዮችና ቀዶ ሐኪሞች ከ1540 እስከ 1745 በአንድ ማኅበር ታቅፈው ኖረዋል፤ ምላጩም የደም ማፍሰሻው ስለትም ሁለቱም በቀንድ ወይም በኤሊ ቅርፊት መካከል ይታጠፋሉ። መሣሪያቸውን የለያየው ግን ማምከን ነው። የጥፍር ሞረድ የሚቀቅል ስለሌለ የመዋቢያው ስብስብ የዝሆን ጥርሱን እንደያዘ ቀጠለ፤ ቆይቶም የሃያት ወንድማማቾች በ1870 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ወዳወጡበት ሴሉሎይድ ዞረ። የዝሆን ጥርሱን ከሴሉሎይዱ መለየት አያስቸግርም፦ የእውነተኛው የዝሆን ጥርስ መስመሮች አግድም በተቆረጠው ጫፉ ላይ እርስ በርስ ይሻገራሉ፤ የአስመሳዩ ግን ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በጣት ሞቅ እስኪል ቢታሽም ካምፎር ይሸታል።

የብር እጀታ ሲሆን ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ በ1773 የተቋቋሙት የሼፊልድና የበርሚንግሃም የብር መርማሪ ቤቶች ለየዓመቱ የተለየ ፊደል ይመታሉና። ይህ ፊደል ግን የሚመሰክረው ስለ ብሩ ብቻ ነው። ስለት ያልቃል፣ ይሰበራል፣ ይለወጣል። የ1898 ፊደል ባለበት እጀታ ላይ «የማይዝግ» የሚል ማኅተም ያለው ስለት ከተገኘ፣ ሃሪ ብሬርሊ የማይዝገውን ብረት ሼፊልድ ውስጥ የሠራው በ1913 ስለሆነ፣ ስለቱ በኋላ የገባ ነው፤ ሻጩ የሚጠራው ዓመት ግን የእጀታውን ነው።