የጫጩትን ጾታ የሚወስን ማነው?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ፥ በቡናው ጥላ ሥር ዶሮ የማይጭርበት ግቢ ጥቂት ነው። ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ ስትፈለፍል የቤት እመቤት የምትመኘው ሴቶቹ ጫጩቶች እንዲበዙላት ነው። ቄቧ አድጋ እንቁላል ትጥላለች፤ አውራው ግን ለበዓል ይታረዳል፥ ወይም ይሸጣል። ለመሆኑ ወንድና ሴቱን የሚወስን ማነው?

ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አከራክሯል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ረጅምና ሹል እንቁላል ሴት፥ ክብ እንቁላል ወንድ ይሆናል ብሎ ጻፈ። የሮማው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ ደግሞ ተቃራኒውን አስተማረ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የእንቁላል ቅርጽ ጾታን አይናገርምና።

እውነተኛው መልስ የተገኘው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ክሮሞሶም ማለት በሕዋስ ውስጥ ያለ፥ የዘርን ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በዱቄት ውስጥ የሚኖር ጥንዚዛ መርምራ የልጁን ጾታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን አሳየች። በሰውም እንዲሁ ነው።

ወፎች ግን የተገላቢጦሽ ሆነው ተገኙ። በ1908 አሜሪካዊው የእርሻ ሊቅ ዊልያም ስፒልማን ላባዋ ባለ መስመር የሆነ ዶሮ መስመር ከሌለው አውራ ጋር ስትዳቀል የሚሆነውን አስረዳ። ወንዶቹ ጫጩቶች የእናታቸውን መስመር ይወርሳሉ፤ ሴቶቹ ግን መስመር የሌላቸው ሆነው አባታቸውን ይመስላሉ። ምክንያቱም አውራው ሁለት ዜድ የሚባሉ ክሮሞሶሞች ሲኖሩት፥ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ዳብልዩ አላት። እናቲቱ ዜድዋን ለወንዱ፥ ዳብልዩዋን ለሴቷ ትሰጣለች። እንግዲህ የጫጩቱ ጾታ እንቁላሉ ከአውራው ዘር ጋር ከመገናኘቱ በፊት ተወስኗል ማለት ነው። በ2009 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በዜድ ላይ ያለ ዲ ኤም አር ቲ 1 የተባለ ጂን ለወንድነት አስፈላጊ መሆኑን አረጋገጡ፤ ኃይሉ በተቀነሰ ጊዜ የወንዱ ሽል የዘር ፍሬ ወደ ሴት እንቁልጢ መልክ ተለውጧል።

ይህ እውቀት ለእርሻ ጠቅሟል። በአገራችን ከተሠራጩት የውጭ ዘሮች አንዱ የሆነው ቦቫንስ ብራውን በተፈለፈለ ቀን ሴቷ ቡናማ፥ ወንዱ ነጣ ያለ ሆኖ ይለያል። ዶክተር ታደለ ደሴ በ2003 ባቀረቡት ጥናት ከጥሊሊ፥ ከሆሮ፥ ከጨፌና ከጃርሶ ዶሮዎች ጋር የመረመሩት የቴፒ ዶሮ ግን እንደ ሌሎቹ ያገር ዶሮዎች መልኩ ብዙ ዓይነት ስለሆነ፥ ጾታውን ለማወቅ ኩክኒውና ላባው እስኪያድግ መጠበቅ ያሻል።

ውድ አንባቢዎች፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ከዶሮ እርባታ ይበልጣል። ዶሮዋ ጾታን ብትወስንም መርጣ አይደለም፤ ዜድና ዳብልዩ እንደ ዕጣ እኩል ይወጣሉና። በሰው ዘንድ ደግሞ የሚወስነው የአባት ዘር ሆኖ ሳለ፥ ስንት እናት «ሴት ብቻ ወለደች» ተብላ ያለ በደሏ ተወቅሳለች! አባትም ቢሆን ዕጣውን አይመርጥምና ሊወቀስ አይገባውም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ይህን እውነት ከክፍላችን ወደየቤታችን ይዘን እንሂድ።